አንሶላ የመሰከረበት ተማሪ

ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ተጨፍልቃ የቆመች አንዲት የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ይቆማል። አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የወንዶች ማደሪያ ተቆጣጣሪ አንዲት ወረቀት በአራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው እንደያዙ ወደዚች ሱቅ ገቡ። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ይላቸዋል፤ ስማቸውን ፈርቶ ሳይሆን ረስቶት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሕንፃ ቁልፍ በወገቡ ሲንጫጫ የኖረ ሰው፣ ከቁልፉ በቀር በምን ይታወሳል?

«አራት ኮፒ» አሉ። «እስከ ስድስት ሰዓት አራቱም ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት።»

ኮፒ አድራጊው የሰው ወረቀት ሲያባዛ ውሎ የሰው ጉዳይ ሁሉ የራሱ የሚመስለው ልጅ ነው። ወረቀቱን ሲዘረጋ ዐይኑን ጣል አደረገበትና «ደግሞ ዛሬ ማንን ነቀሉ ጋሼ?» አለ።

«የነቀለው ራሱ ነው። አንተ ማሽንህን አሙቅ።»

ማሽኑ ገና ማጉረምረም ሲጀምር ከኋላቸው «ጋሼ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞር ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። በሕፃንነቷ፣ ክረምት ጭቃው ሲያስቸግር፣ በትከሻቸው ተሸክመው ትምህርት ቤት ያደረሷት ልጅ። በሌላ ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ትሠራ እንደነበር ነው የሚያውቁት።

«አንቺ ልጅ! ከየት ወደቅሽ?»

«ተዛውሬ ነው ጋሼ። ትናንት ማታ ገባሁ፤ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቤት መጥቼ ላስደነግጥዎት ነበር። የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ መድበውኛል» አለችና ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። በብብቷ ሥር፣ ገና ከመዛወሯ በፊት ከቢሮው ሰዎች ጋር እየተጻጻፈች ያረቀቀችውን፣ እንደ ጡብ የወፈረ የተማሪዎች ደንብ ይዛለች።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። ማሽኑ አንዴ አቃስቶ ዝም አለ።

«አረፈች» አለ ኮፒ አድራጊው። «ቁጭ በሉ እንግዲህ። እሷ እንደሆነች የምትመለሰው ደስ ሲላት ነው።»

ቁጭ አሉ፤ ጋሼ ቁልፍ በርጩማው ላይ፣ እሷ በወረቀት ካርቶን ላይ። እንግዲህ ሁለት የተጣሉ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት እንዲህ ነው። አጎትየው የእሷን ጡብ ሳቡና መነጽራቸውን ከዐይናቸው አርቀው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

«ማንኛውም ተማሪ የቀረበበት ክስ በጽሑፍ ሳይገለጽለት፣ ቃሉም ሳይሰማ፣ የማደሪያም ሆነ የትምህርት መብቱን አያጣም።» ወረቀቱን መልሰው አስቀመጡት። «ይኸ ደንብ ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ? ‹በክብር ተጠርተዋል› ነው የቀረው! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ።»

«ያቦካሁትስ እርስዎ ያሳደጉኝ እኔ ነኝ፤ ለራት ካልበቃ ለምሳ ያድርሱት» ብላ ሳቀች። ከዚያ የእሳቸውን ወረቀት አነሣች። ስታነብ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «‹የአርባ ሁለት ቁጥር ክፍል የጥጉ አልጋ ተማሪ በተሰጠው አልጋ ስለማይገለገል ከነገ ጀምሮ ማደሪያውን ለቆ እንዲወጣ።› ጋሼ፣ ይኸ ልጅ የት እያደረ ነው?»

«ውጭ ነዋ! አልጋውን ይዞት፣ ሌላ ቦታ ያድራል።»

«ብለው ጠየቁት?»

«አንሶላውን ጠየቅሁት።»

ይህ የጋሼ ቁልፍ ጥበብ ነው፤ ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች ሳይቀሩ መጥተው የተማሩት። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ተማሪው ሊታጠብ ሲወጣ፣ ክፍል ለክፍል እየዞሩ የመዳፋቸውን ጀርባ በየአልጋው ላይ ያሳልፋሉ። የተተኛበት አንሶላ ይሞቃል፣ ይጨማደዳል። ያልተተኛበት እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ባገኙ ቁጥር ጎንበስ ብለው ተማሪው ከማያየው ከአልጋው ብረት ሥር በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራሉ። አሥራ አምስት መስመር ሲሞላ አልጋው ለሌላ ይሰጣል። ክርክር የለም፣ ልመና የለም።

«ሰው ይዋሻል» አሉ ደረታቸውን ነፍተው፤ «አንሶላ አይዋሽም። ደጅ አልጋ አጥቶ የሚንከራተት ስንት ተማሪ አለ መሰለሽ! ይዞ የማይተኛበትን አስለቅቄ ለሌለው ብሰጥ በደል ነው?»

«አይደለም። ሐሳብዎ ልክ ነው፤ ለሌለው ማሰብዎም ደግ ነው። መንገዱ ነው የጎደለው። ይኸ ልጅ አገሩ የት ነው?»

«ሩቅ ነው። የሁለት ቀን መንገድ።»

«ፈተናውስ?»

«ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።»

«እንግዲያው አልጋ አይደለም የሚወስዱበት ጋሼ፣ ትምህርቱን ነው። እዚህ ዘመድ ከሌለው ነገ ማታ ወዴት ይሄዳል? ወደ አገሩ ነዋ። አንዴ የሄደ ደግሞ ስንቱ ተመለሰ?»

«እሱን ቀድሞ ማሰብ ነበረበት። አንዱን እሹሩሩ ካልሽው ሌላው ይከተላል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል!»

ልጅቱ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለች፦ «ይስሙኝ ጋሼ። ይኸ ደንብ ገና ረቂቅ ነው። ተቆጣጣሪዎች ተወያይተውበት ቢጸድቅ እንኳ የሚሠራው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ነው። ዛሬ ልከለክልዎት አልችልም፣ አለቃዬም አይችልም። እስከ ስድስት ሰዓት ያ ልጅ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። እኔ መለመን ብቻ ነው የምችለው።»

ጋሼ ቁልፍ ቁልፋቸውን ከወገባቸው አወለቁና በጣታቸው ላይ ያሽከረክሩት ጀመር። እንዲህ ሲያደርጉ የሚያውቃቸው ሰው ይሸሻል።

«እኔን ማን ሰማኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«መቼ?»

«መቼ ትላለች! ያኔ፣ መምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ። የተማሪው ረብሻ ተነሥቶ የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሁሉ ተሰበረ። በማግስቱ የዘጠኝ ሰው ስም ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ። ሰው በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ እያነበበ፣ እኔም ከሰው ጋር እንደ እንግዳ የራሴን ስም አነበብኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!»

ልጅቱ አፏን ያዘች። «እማዬ ‹በራሱ ፈቃድ ተወው› ነበር የምትለኝ።»

«እሷም እንደዚያ ነው የምታውቀው። ምን ልበላት?»

ስማቸውን ሰሌዳ ላይ የለጠፈው ዲን ኋላ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጡረታ ሲወጣም ካባ አልብሰውታል። የትምህርት ወረቀት ያለው ሰው ሲያጠፋ «ተሳሳተ» ይባላል፤ ወረቀት የሌለው ሲሳሳት ግን «አጠፋ» ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ኖሮ አያውቅም።

«ጋሼ» አለች፤ «ያ ዲን ያን ጊዜ ቢሮው አስገብቶ ‹የት ነበርክ?› ቢልዎት ኖሮ ምን ይሉት ነበር?»

መልሱን መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሲወለውሉት የኖሩት ነገር ነው። «‹ጌታዬ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን አጥቤ አስጥቼ ነበር። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እስኪደርቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። የክፍሌ ልጆች ሦስቱም ሲስቁብኝ ውለዋል፣ ይጠየቁልኝ።› እለው ነበር።»

ኮፒ አድራጊው ሳቅ አፈነውና ሊፈነዳ ሲል፣ የሰውየውን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠው። «ጋሼ… ይኸ'ኮ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም» አለ።

በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰዎች ያችን ግማሽ ደቂቃ አሰቧት። ግማሽ ደቂቃ የሚሰማ ጆሮ ቢገኝ ኖሮ እኚህ ሰው ዛሬ መምህር ነበሩ፤ ምናልባትም ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ተማሪዎቻቸው መንገድ ላይ ቆብ የሚያነሡላቸው። ይህን ልጅቱ አልተናገረችም። አዋቂ ሰው ቁስሉን ካገኘ በኋላ ጣቱን አይከትበትም።

ጋሼ ቁልፍ ብድግ አሉ። «እሺ! ግማሽ ደቂቃ ከሆነ እሰጠዋለሁ። ውሸቱን ሲዘባርቅ ነይና ስሚው።»

ለስድስት ሰዓት አንድ ሰዓት ሲቀረው ማደሪያው ደረሱ። የወንዶች ማደሪያ ነውና ልጅቱ ደረጃው ሥር ቀረች፣ እሳቸው ወጡ። የአርባ ሁለት ቁጥርን በር እንደ ልማዳቸው በጫማቸው ገፋ አድርገው ከፈቱት። ውስጥ አራቱም የክፍሉ ልጆች ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ሆነው ያጠናሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጓደኞቹ «ዝምታው» የሚሉት አጠር ያለ ልጅ፣ የሚፈለገው እሱ ነው።

ጋሼ ቁልፍ ደፍ ላይ ቆመው ወረቀቱን ከፍ አደረጉ። «አንተ! ለምንድነው አልጋህ ላይ የማትተኛው? ተናገር፣ እየሰማሁ ነው!»

ስድስት ራስ ቀና አለ። ዝምታው አንዴ ወደ ወለሉ አየ፣ አንዴ አጠገቡ ወደተቀመጠው ረጅም ልጅ አየ፤ ከዚያ «የምለው የለኝም ጋሼ» አለ።

ሲወርዱ ደረጃውን በሁለት በሁለት ነበር የሚረግጡት። «ሰማሽ? ‹የምለው የለኝም› አለ! ቃሉ ተሰማ፣ ደንብሽ ተፈጸመ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ጥፋተኛ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።»

«የት ሆነው ነው የጠየቁት?»

«በሩ ላይ።»

«ሰው ነበር?»

«ሞልቷል።»

«ቁልፉና ወረቀቱ በእጅዎ?»

«የት ላድርገው ታዲያ፣ በጥርሴ ልያዘው?»

ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እጃቸውን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። «ጋሼ፣ ይቆጡኝ ግን ልበልዎት። ያ ዲን ተማሪውን ሁሉ አሰልፎ፣ ዝርዝሩን በእጁ ይዞ፣ ጮኾ ‹የት ነበርክ?› ቢልዎት ኖሮ፣ ‹ሱሪዬ ታጥቦ ነበር› ይሉት ነበር?»

ይህ ለጋሼ ቁልፍ ሠላሳ አራት ዓመት ያልመጣላቸው ጥያቄ ነው። በሐሳባቸው ዲኑ ሁልጊዜ ቢሮው ውስጥ ነበር፣ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነበር፣ ወንበር ሁልጊዜ ይሰጣቸው ነበር።

«አልልም ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው እንኳ በቅጡ አልተሰማም። «ሞቼ ነው!»

«መስማት ማለት መጠየቅ ብቻ አይደለም። ለዚህ ነው ጡቡ ውስጥ ‹ለብቻው፣ ከመረጠው ሰው ጋር፣ በሚስጥር ይሰማ› ብለን የጻፍነው።»

ቁልፉን ጭኗ ላይ ጣሉላት። ወረቀቱንም ሰጧት። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ወጡና አርባ ሁለት ቁጥርን አንኳኩ። ውስጥ ያሉት ልጆች ማን ነው ብለው ተያዩ፤ በዚያ ሕንፃ የሚያንኳኳ ሰው አልለመዱም። ሌሎቹ እንዲወጡላቸው በትሕትና ለመኑ። ረጅሙ ልጅ ግን አልወጣም አለ፤ ዝምታውም «እሱ ይሁን» አለ።

ጋሼ ቁልፍ በሩን ዘግተው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ቅድም የጠየቅሁህ አጠያየቅ የሰው አጠያየቅ አይደለም። እንደገና ልጠይቅህ። የምትነግረኝ አንተ ካልፈቀድክ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ካልነገርከኝም አልቆጣም።»

ዝምታው ከንፈሩን ነከሰ። የተናገረው ረጅሙ ነው።

«በእኔ ምክንያት ነው ጋሼ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። የሚነሣብኝ ሌሊት ነው። ባለፈው ወር ከአልጋ ወድቄ ጭንቅላቴ ተፈነከተ፤ ደረጃ ላይ አዳለጠኝ ብዬ ዋሸኋችሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ ወለሉ ላይ አንጥፎ እዚህ ከሥሬ ነው የሚያድረው፣ ስወድቅ ጭንቅላቴን እንዲይዝልኝ። ለሌሎቹ ሁለት የክፍላችን ልጆች ወለሉ ለወገቤ ይሻለኛል ነው ያላቸው።»

«ታዲያ ለምን አልጋ አልተለዋወጣችሁም? የእሱ እዚያ ጥግ ነው። የጎንህ ሰው አይቀይረውም?»

«ያለ ፈቃድ አልጋ መለዋወጥ ክልክል ነው ብለው እርስዎ በሩ ላይ ለጥፈዋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ማቅረብ አለብን። ያ ጽሑፍ ስንት ሰው እጅ ላይ ይዞራል? ታመመ ብለው ወደ ቤት እንዳይሰዱኝ ፈራሁ። ለማንም አልናገርም ብሎ እንዲምልልኝ አድርጌዋለሁ። መሐላውን ነው የጠበቀው።»

ጋሼ ቁልፍ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። በረጅሙ አልጋ ሥር ጥቅል ምንጣፍና የሳሳ ብርድ ልብስ አገኙ። ከዚያ እየዳሁ ወደ ጥጉ አልጋ ሄደው ከብረቱ ሥር የራሳቸውን ጠመኔ አዩ። አሥራ አምስት መስመር። አሥራ አምስት ሌሊት የሰው ነፍስ ሲጠብቅ ያደረ ልጅ፣ አሥራ አምስት ጥፋት ተጽፎበታል። መስመሮቹን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ጊዜ ወሰዱ።

«አንሶላው አልዋሸም» አሉ እንደተንበረከኩ። «እሱ ያለው ‹እዚህ ላይ ሰው አልተኛም› ብቻ ነው። ‹ውጭ ያድራል› ያልኩት እኔ ነኝ። ያላለውን አለ አልኩበት።» ወደ ልጁ ዞሩ። «ይቅር በለኝ።»

ዝምታው ደነገጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፦ «ምንም አይደል ጋሼ። ወለሉ ብቻ ነው ትንሽ የሚበርደው።»

ረጅሙ ሳቀ፤ ጋሼ ቁልፍም ሳይወዱ ሳቁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሁለት አልጋ ፍራሽ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው እያለዋወጡ ነበር። የጎን አልጋው ባለቤት ምክንያት ሳይጠይቅ ወደ ጥጉ ሄደ፤ ጥጉ መስኮት አለው። በዚያው ሳምንት ረጅሙ ፈቅዶ፣ የእህታቸው ልጅ ራሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ መድኃኒት ጀመረ። ከአራታቸውና ከሐኪሙ በቀር ያወቀ የለም። ሁለቱም ፈተናቸውን ተፈተኑ።

ረቂቁ ለተቆጣጣሪዎች ስብሰባ የቀረበ ዕለት አዳራሹ በጉርምርምታ ተሞላ። ከሁሉ አብልጦ የተቃወመው የሦስተኛው ሕንፃ ተቆጣጣሪ ነው። «ተማሪን ቁጭ ብለን ስንሰማ ልንውል ነው? ያሰለጠነን ጋሼ ቁልፍ አይደለም እንዴ? እስቲ እሱ ይናገር!»

ጋሼ ቁልፍ ተነሡ። የእህታቸው ልጅ ከመድረኩ ላይ ዐይኗን ጣለችባቸው። ያን የሁለቱን ልጆች ነገር ቢተርኩት አዳራሹ እንባ በእንባ ሆኖ ደንቡ በጭብጨባ እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቁታል።

«እኔም ደንቡን ሰድቤዋለሁ» ብለው ጀመሩ። «ለምን ሐሳቤን እንደለወጥኩ አልነግራችሁም፤ የሰው ሚስጥር ነው። ጥቅሙን ግን ልንገራችሁ። አንደኛ ነገር፣ አስቀድሞ የሰማ ሰው አይሳሳትም አልልም፤ ግን ስሕተቱን ሳይለጥፈው ያገኘዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኛ ያፈሰስነውን ልጅ ግን ማን ይለቅመዋል? ለእኛም ቢሆን ይጠቅማል። እስከ ዛሬ አንድ ልጅ ሲባረር ‹ያባረረው ተቆጣጣሪው ነው› ተብሎ እርግማኑ በእኛ ላይ ነው የሚወርደው፤ ከእንግዲህ ሦስት ሰው ተቀምጦ ይፈርዳል፣ ቅር ያለው ይግባኝ ይላል፣ እኛም ጎናችን አርፎ እንተኛለን። አጥፊውስ? አጥፊው ያው ይቀጣል፤ ማንም እሹሩሩ አይለውም። ግን ለምን እንደተቀጣ አውቆ ይሄዳል። የታመመው ሳይደበቅ ይታከማል። የተቸገረው ሳይባረር ይረዳል። ተማሪ የሚያድርበት ቤት እስር ቤት አይደለም፣ እኛም ዘበኛ ብቻ አይደለንም።»

«እኮ ምን አየህ? በሕንፃህ ውስጥ ምን ተፈጠረ?» አለ የሦስተኛው ሕንፃ ሰው።

«አልነግርህም።»

«አንዲት ነገር እንኳ?»

«አንዲትም አልነግርህም። አንተም አንድ ቀን የምትነግረው ነገር ይኖርሃል፤ ያን ጊዜ ለማን እንደምትነግር ታውቃለህ።»

የሦስተኛው ሕንፃ ሰው አንገቱን ደፋ፤ ትንሽ ቆይቶ እጁን እስከ ጆሮው ብቻ አነሣ። ከእሱ በኋላ የሌሎቹም እጅ ወጣ።

በትምህርት ቤት ያሉ ሁሉ፣ ስም የሚለጥፉም ስማቸው የሚለጠፍባቸውም፣ ይህን ያስቡበት። ደንብ ከሰው በላይ አይደለም፤ ነገር ግን ጥሩ ደንብ ክፉ ቀናችንንና የቸኮልንበትን ሰዓት ይይዝልናል፣ ሰውን ከእኛ፣ እኛንም ከራሳችን ያድናል።

ደንቡ በጸደቀ በሦስተኛው ቀን፣ የጋሼ ቁልፍ ቢሮ ደጃፍ ላይ አንድ አንደኛ ዓመት ተማሪ ደብተሩን አቅፎ ሲያመነታ ቆየ። ምንም አላጠፋም፤ ማንም አልጠራውም። ችግር ነበረበትና፣ እዚያ የሚሰማ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው።

«ግባ ልጄ» አሉት። «በሩን ዝጋና ቁጭ በል።»